ካርታዬ ላይ ከተማው ወደ ጤፍ ማሳ እየተለወጠ ነው፤ ምን አጠፋሁ?

የአቃቂ_ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለማስተርስ ጥናቴ የአዲስ አበባን የመሬት አጠቃቀም ለውጥ እየሠራሁ ነው። እ.ኤ.አ. 2010ን ከ2020 ጋር፣ በላንድሳት የሳተላይት ምስሎች፣ ጉግል ኧርዝ ኢንጂን (የጉግል የሳተላይት ምስል መተንተኛ) ላይ፣ ራንደም ፎረስት በሚባለው መሬቱን በዓይነት በሚመድብ ስልት። በየካ አባዶ በኩል ካርታው ያምራል። ወደ አቃቂ ስወርድ ግን ጉድ ነው። በ2010 "ቤት" ያለውን ቦታ በ2020 "እርሻ" ይለዋል። ሰው ቤቱን አፍርሶ ጤፍ ዘራ? ያደግኩት እዚያው ነው። አንዱ ቦታ የአክስቴ ማሳ ነው፤ ጭቃው ስንቴ ጫማዬን እንዳስቀረብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ቤት ኖሮበት አያውቅም። የማሰልጠኛ ነጥቦቹን ("ይህ ቤት፣ ይህ እርሻ" ብዬ ለኮምፒውተሩ የማሳየውን) ከ200 ወደ 600 ባሳድግም ያው ነው። ሐሙስ አድቫይዘሬ ፊት እቀርባለሁ።

ሰርቬየሯ፦
ነጥቡን ተወውና፣ ምስሎቹ በየትኛው ወር የተነሱ ናቸው?

የአቃቂ_ልጅ፦
የ2010ሩ ጥር መጨረሻ፣ የ2020ው ጥቅምት። ደመና የሌለባቸውን ነው የመረጥኩት።

ሰርቬየሯ፦
በቃ፣ ተገኘ። ጥቅምት ላይ የአክስትህ ጤፍ አረንጓዴ ነው። ጥር ላይ ግን ታጭዷል፣ ተወቅቷል፣ ከብት ገብቶበታል። የቀረው ደረቅ አፈር ነው። ደረቅ አፈርና ሰፈር ደግሞ በአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ (ሳተላይቱ በሚለካው፣ ዓይን በማያየው ብርሃን) ሁለቱም ደምቀው ስለሚታዩ ይምታታሉ። በዚያ ላይ የላንድሳት ፒክስል (የምስሉ አንዷ ነጥብ) 30 በ30 ሜትር ነው፤ ጣሪያውም ግቢውም መንገዱም አንድ ላይ ይቦካል። እኔ በመጀመሪያ ሥራዬ የሱሉልታን ሜዳ በሙሉ ከተማ አድርጌ አቅርቤ ተስቆብኛል።

የአንድ ቀን ምስል አትመን። የዓመቱን ምስሎች ሰብስብ፣ ደመናውን አጥራ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ኤንዲቪአይ (የልምላሜ መለኪያ) አስገባለት። ማሳ በዓመት አንዴ ሳይለመልም አይቀርም። ጣሪያ አይለመልምም። ለ2010 ምስል ካጠረህ ላንድሳት 7ን ጨምር። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2003 ወዲህ ጥቁር ሰንበር አለበት፤ ለማሟያ ግን ይሆናል።

ጂአይኤስ_ነኝ፦
ልክ ናት፤ ግን ካባውን እንዳትረሳ። የድንጋይ ካባ ክረምት ከበጋ ራቁቱን ነው፤ ለግንባታ የተጠረገ መሬትም እንደዚያው። ደግሞ ለ2020 የሴንቲኔል-2 ሳተላይትን ምስል ውሰድ የሚሉህ ይመጣሉ። ፒክስሉ 10 ሜትር ነው፣ ያጓጓል። በ2010 ግን አልነበረም። አንዱን ዓመት በ30፣ ሌላውን በ10 ሜትር ካነጻጸርክ ሌላ ጉድ ነው የምታመጣው።

የአቃቂ_ልጅ፦
ሠራ! የአክስቴ ማሳ በሁለቱም ዓመት እርሻ ሆነ። ካባው ግን እንደተባለው "ቤት ነኝ" ብሎ ድርቅ ብሏል። በእጄ ቆርጬ ላውጣው?

ሰርቬየሯ፦
በእጅህ አትንካው፤ ሐሙስ ስትጠየቅ ምን ልትል ነው? ለብቻው መደብ ስጠው። ነጥቦቹን ከጉግል ኧርዝ የድሮ ምስሎች ላይ ልቀም፤ የገደሉ ጥላ ያጋልጠዋል። መቼ እንደተከፈተ ደግሞ አክስትህን ጠይቃት። ድማሚቱ ቤቷን ያንቀጠቅጥ ከነበረ ዓመቱን አትረሳውም።