ዘይትና ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማስነሳት ተገቢ ነው?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ የመኪና ሞተር ዘይትና ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ሲቀየር አንዱ መካኒክ ቁልፉን አዙሮ ወዲያው ያስነሳል። ሌላው ግን ነዳጁን አቋርጦ፣ ሞተሩን በሞተሪኖ (በባትሪ በሚሠራው ማስነሻ) ብቻ አዙሮ፣ ዘይቱ ከተሰራጨ በኋላ ነው የሚያስነሳው። ሕዝብ የሚያመላልሱ መኪኖችን የሚጠግኑ ጋራዦች ይህን ሁለተኛውን አሠራር በግዴታ ሊከተሉ ይገባል? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ ስጡ።

የሚኒባስ ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፦ ይገባል እንጂ! አዲሱ ፊልትሮ ባዶውን ነው የሚታሰረው። ፓምፑ መጀመሪያ እሱን መሙላት አለበት፤ ዘይቱ ወደ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች፣ ማለትም ዘንጉ ወደሚዞርባቸው መደገፊያዎች፣ እና ወደ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) የሚዘልቀው ከዚያ በኋላ ነው። የቱርቦ ዘንግ ሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የሚደግፈውም ዘይት ነው። በታኅሣሥ ንጋት እዚህ ውርጭ ሲጥል ዘይቱ እንደ ማር ይወፍራል። መካኒኩ ገና ከማስነሳቱ ነዳጅ ሲረግጥ ቆሜ እያየሁ ዝም ልበል?

መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ነገር ግን ዘይት የተቀየረለት ሞተር ደረቅ አይደለም፤ የወጣው ዘይት በኩሽኔታዎቹ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ነው የሚሄደው። ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲነሳ ቀዩ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። መብራቱ ሳይጠፋ ነዳጅ መርገጥ ነው ጥፋቱ፤ የሚከለከልም ካለ እሱ ይከልከል። ሞተሪኖ ደግሞ ያለ ዕረፍት ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ መዞር የለበትም። ሁሉም በግዴታ ያዙር ካላችሁ ሞተሪኖና ባትሪ የሚያቃጥል ሰው ይበዛል።

የመኪና ባለቤት፣ ሸዋ ሮቢት፦ ፊልትሮውን ከመታሰሩ በፊት በዘይት መሙላት ነገሩን አይጨርሰውም?

የአውቶ መካኒክ መምህር፦ ይህ አምራቾችን ራሳቸውን ያለያየ ነገር ነው። ካሚንስ ለብዙ የናፍታ ሞተሮቹ ፊልትሮውን በንጹሕ ዘይት ሞልታችሁ እሰሩ ይላል፤ ካተርፒላር በበኩሉ ያልተጣራ ዘይት ይገባል ብሎ በመመሪያዎቹ ይከለክላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። የፊልትሮውን አፍ ገልብጣችሁ ተመልከቱት፤ ጥርስ ያለው ሰፊ ቀዳዳ መካከል ላይ፣ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ደግሞ ዙሪያውን ናቸው። ዘይት በዙሪያው ገብቶ፣ ተጣርቶ፣ በመካከሉ ይወጣል። በመካከሉ የሞላ ሰው በጣሳው ያለውን አቧራ ሁሉ ሳይጣራ ወደ ኩሽኔታው ይልከዋል። በነፋሻማ ቀን ደጅ ላይ በተከፈተ ጣሳ የሚሠራውን ደግሞ እናውቀዋለን። የሚሞላ ሰው በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ቀስ ብሎ ይሙላ።

ነዳጅ የማቋረጡም ነገር ዕውቀት ይጠይቃል። በአሮጌዎቹ የናፍታ ሞተሮች የነዳጅ ማቋረጫውን ሽቦ መንቀል ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። በቤንዚን ሞተር ግን ካንዴላውን (ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ብቻ አቋርጦ ማዞር ስሕተት ነው፤ ነዳጁ መረጨቱን ስለማያቆም የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥበዋል። እኔ ግዴታ የማደርገው ቱርቦ ለተቀየረለት፣ ለታደሰና ለረጅም ጊዜ ለቆመ ሞተር ብቻ ነው።

የሚኒባስ ሹፌር፦ መምህር፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ግን እኔ ሰው ጭኜ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወስደውን የጣርማ በርን ቁልቁለት የምወርድ ነኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተር ቢጠፋብኝ መሪው ይከብደኛል፣ የፍሬኑም አጋዥ ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ያልቃል።

መካኒክ፦ እንግዲያው ለዚያ ቁልቁለት የሚያሰጋህን ልንገርህ። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ አፉ ላይ ያለው የማሸጊያ ጎማ አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳይታይ አዲሱ በላዩ ላይ ከታሰረ፣ ጋራዥ ውስጥ ደህና መስሎ መንገድ ላይ ግፊቱ ሲጨምር ጎማው ይፈነቀላል፤ ዘይቱም በአጭር ጊዜ ተረጭቶ ያልቃል። ሞተር የሚነክሰው (ያለ ዘይት ተፋጭቶ የሚደርቀው) እንዲህ ነው። ስለዚህ ፊልትሮው የሚቀመጥበትን ፊት በጨርቅ ጠርጎ በጣት መዳሰስ፣ የአዲሱን ጎማ ዘይት መቀባት፣ ካስነሱ በኋላ ጎንበስ ብሎ ማየት፣ ከዚያም አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የዘይቱን ልክ መለካት ያስፈልጋል፤ ፊልትሮው የጠጣው ስለሚጎድል ይጨመርበታል። ግዴታ የምትሉ ከሆነ ይህን ግዴታ አድርጉት፣ እፈርማለሁ።

የመኪና ባለቤት፦ ይህ ሁሉ ባለቤቱ ቆሞ እያየ ይሁን። ለዘይቱም ለእጅ ሥራውም የምንከፍለው እኛ ነን።

የሚኒባስ ሹፌር፦ የጎማውን ነገር ተቀብያለሁ፤ ከእንግዲህ አሮጌው ጎማ ካልታየኝ መኪናዬን አልረከብም። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን በብርድ ንጋት ዘይት ከተቀየረለት ነዳጁ ተቋርጦ ለአሥር ሰከንድ ይዙር እላለሁ። ሞተሪኖውንም ባትሪውንም የምገዛው እኔ ነኝ።