ቴል አቪቭ፦ ሂልተን ባሕር ዳርቻ

ጥያቄ፦ ከወንድ ፍቅረኛዬ ጋር በሐምሌ ቴል አቪቭ እንሄዳለን። ለጌዮች ምቹ የሚባለው ዳርቻ የቱ ጋ ነው? ይከፈላል?

መልስ፦ ሂልተን ሆቴል ሥር፣ ከነጻነት ፓርክ ቁልቁል ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ ወንበርና ጥላ ግን በኪራይ ነው። በስተሰሜን ያለው ባለ አጥሩ ዳርቻ የሃይማኖተኞች ነው፤ ወንድና ሴት በተለያየ ቀን ስለሚገቡ እንዳትሳሳቱ።

መልስ፦ ከቦታው ይልቅ ባሕሩ ያሳስባል። ባንዲራው ነጭ ከሆነ ዋኙ፤ ቀይ አደገኛ፣ ጥቁር ክልክል ነው። ሐምሌ ላይ ጄሊፊሽ (የሚናደፍ ለስላሳ የባሕር እንስሳ) ይበዛል። ከነደፋችሁ በባሕር ውኃ እጠቡት እንጂ አትሹት፤ የቧንቧ ውኃም አታፍስሱበት፤ ቆዳ ላይ የቀሩት የመርዝ ከረጢቶች ይፈነዳሉ።

መልስ፦ ዓርብ ከሆነ መመለሻችሁን ቀድማችሁ አስቡ፤ የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚገባ መደበኛው አውቶቡስ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቆማል።