በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን የማኅበረሰብ ደህንነት ስትራቴጂ፦ 60 ቀን ተሰጥቷል፣ ከየት ይጀመር?

አቅጣጫ_ፈላጊ

ሰላም ለሁላችሁ። በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳና በምዕራብ ጉጂ ዞን ቀርጫ ወረዳ አካባቢ ባሉ 12 ቀበሌዎች ላይ የማኅበረሰብ ደህንነትና የማረጋጋት ስትራቴጂ የሚያዘጋጅ አማካሪ የሚፈልግ ቢጋር (የሥራ መግለጫ ሰነድ) አለ። ለጋሹ የሚጠይቀው የግጭት ትንተና፣ በየቀበሌው አንድ የሰላም ኮሚቴና የሕዝቡን የደህንነት ስሜት የሚለካ የመነሻ ጥናት ነው። ጊዜው 60 ቀን ብቻ። ቀኑ እንዴት ይከፈል? ኮሚቴው ከማን ይዋቀር? መጠይቁ ላይ ሁሉም "ሰላም ነው" ብሎ እንዳያልፈንስ ምን ይደረግ?

ሶንጎ_ዳር

መጀመሪያ ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ተደራደር። ውል ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን የድጋፍ ደብዳቤው ወረዳ ከደረሰበት ቀን ይሁን። ቦታው ሁለት ክልል ነው፤ ደብዳቤው በደቡብ ኢትዮጵያም በኦሮሚያም በኩል ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ለዚህ ብቻ ከ10 እስከ 15 የሥራ ቀን ያዝ። አንዱ ወገን ቶሎ ስለፈቀደ እዚያ መጀመር የተለመደ ስህተት ነው። ሌላው ወገን ቡድንህን "የእነሱ አጥኚዎች" ይልሃል፤ ይህ ስም ከወጣልህ በኋላ በማስረዳት አይለቅህም። ቢዘገይም በሁለቱም በኩል በአንድ ቀን ግባ።

ወሩንም እይ። የቡና ለቀማ ላይ ከወደቀብህ ቀን ቀን ለውይይት የሚቀመጥ ሰው አታገኝም፤ ውጥረቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን ያኔ ነው። እሸት ቡና የተሸከመ ገበሬ አጠገቡ ያለውን መፈልፈያ ጣቢያ አልፎ ሩቅ ወዳለው ከሄደ፣ ለምን እንዳለፈው ጠይቅ። መልሱ ከአንድ የትንተና ምዕራፍ ይበልጣል።

ትንተናው "ግጭቱ ለምን ተነሣ" ላይ ብቻ እንዳይቆም። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ከተፈናቀለው ብዙው ተመልሶ ነበር፤ በሰኔ ግጭቱ ብሶ አገረሸና የተፈናቃዩ ቁጥር ወደ 1 ሚሊዮን ተጠጋ። በእነዚያ ሳምንታት መካከል ምን ሳይሠራ ቀረ? ቤቱ የተቃጠለበት፣ ማሳው የተያዘበት፣ የጠረጠረውን ሰው በየቀኑ መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው ምን ዋስትና ይዞ ነው የተመለሰው? ስትራቴጂህ መልስ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ኮሚቴውን በተመለከተ፣ 12 አዲስ ኮሚቴ አታቋቁም። በጌዴኦ በኩል ሶንጎ (የሽማግሌዎች ሸንጎ) አለ፣ በጉጂ በኩል የገዳው ሥርዓትና ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ሰው ለተገደለበት ከባድ ደም ደግሞ ጎንዶሮ የሚባለው የእርቅ ሥርዓት አለ። አዲስ ማኅተም ያለው ኮሚቴ ስታመጣ ሽማግሌው ወይ አበል አለበት ብሎ ይመጣል፣ ወይ ክብሬ ተነካ ብሎ ይቀራል። የመጣውን ሕዝቡ አይሰማውም። ያለውን ይዘህ የጎደለውን ጨምር፤ የሚጎድሉት ሁልጊዜ ሴቶችና ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው። 9 ሰው ካለ ቢያንስ 3 ሴት፣ 2 ወጣት። የሚሊሻው ኃላፊ ሲያስፈልግ ይጠራ እንጂ አባል አይሁን፤ እሱ ባለበት ስለ ሚሊሻ ማንም አይናገርም። ስም ዝርዝሩንም ከቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻ አትቀበል።

ቆጣሪው

ስለ መነሻ ጥናቱ። ሁሉም ሰው 384 ብሎ ይጽፋል፤ ይህ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ የሚመጣው ቁጥር ነው። የሚሠራው ግን ሰዎቹ ከጠቅላላው ሕዝብ በቀጥታ በዕጣ ከወጡ ነው። አንተ ቀበሌ መርጠህ ከውስጡ ቤት ትመርጣለህ፤ የጎረቤታሞች መልስ ደግሞ ይመሳሰላል። ስለዚህ በ2 አባዛው፣ 768 ይሆናል። ለሁለቱ ወገኖች ለየብቻ አኃዝ ከተፈለገ እያንዳንዱ ወገን ይህን ያህል ሰው ይፈልጋል። በጀቱ ካልቻለ ህዳጉን ወደ 7 በመቶ አስፋው፤ 196 በ2 ሲባዛ ለአንድ ወገን 392 ሰው ይበቃል። ለለጋሹ ይህን በግልጽ ጻፍለት፤ በ384 ሁለቱን ወገን አወዳድሬያለሁ ማለት ግን አጉል ነው።

ጥያቄዎቹ ላይ "ስለ ጸጥታው ምን ይሰማዎታል?" የሚለውን አውጣው። ጸጥታ ሲባል ብዙ ሰው የጸጥታ ኃይሉን ነው የሚረዳው፤ ፖሊስን እንዲያማ የጠየቅከው ይመስለዋል። ስሜቱን ትተህ ያደረገውን ጠይቅ፦ ባለፉት 30 ቀናት መሄድ እየፈለጉ ያልሄዱበት ገበያ አለ? ልጅዎን ብቻዋን ውኃ ይልካሉ? ከመሸ ጎረቤት ቢታመም በየትኛው መንገድ ይወስዱታል? ለእነዚህ "ሰላም ነው" ብሎ ማምለጫ የለም። መጠይቁ በጌዴኦኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ አማርኛ ይመልሰው። የተዛባው ቃል እዚያ ላይ ይወጣል።

ሰው ሳይጠየቅ የሚሰበሰብም አለ። ገበያው ስንት ሰዓት ላይ ይበተናል? የሞተርና የባጃጅ ዋጋ በወሰኑ መስመር ስንት ነው? በሁለቱ በኩል የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ዋጋ ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በየሳምንቱ አንድ ሰው ይመዝግበው። ገበያው ከወትሮው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከተበተነ ሰዉ የሰማው ነገር አለ።

ስምና የቤት መገኛ ነጥብ አትመዝግብ። የተሳታፊዎች ፊርማ ያለበት የአበል ወረቀትም መረጃ ነው፤ ከመጠይቁ ጋር በአንድ ፋይል አይቀመጥ።

ለጋሹን አስቀድመህ አስጠንቅቀው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመዘገበው ክስተት ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ሕዝቡ ማመልከት ሲጀምር የሚሆነው ይህ ነው። "ክስተት በ30 በመቶ ይቀንሳል" የሚል ግብ ከጻፍክ መዝጋቢዎቹ መመዝገብ ያቆሙልሃል።

አቅጣጫ_ፈላጊ

በጣም ጠቃሚ ነው፣ አመሰግናለሁ። ስለ ቅድመ ማስጠንቀቂያና ፈጣን ውጤት ስለሚባሉት ፕሮጀክቶች ምን ትላላችሁ? ለጋሹ በወሰኑ ላይ የጋራ የውኃ ጉድጓድ ያስባል።

ሞተረኛ

ማስጠንቀቂያው አይጎድልም፤ የሚጎድለው ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ነው። በኢጋድ ሥር በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፕሮቶኮል የተቋቋመው የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት፣ ሴዋርን፣ እንኳ ስሙ ሁለቱን አጣምሮ የያዘው ለዚህ ነው፦ ማስጠንቀቅና ምላሽ መስጠት። ስለዚህ የማስጠንቀቂያና የምላሽ ሰንጠረዡን ከኋላ፣ ከምላሹ ጀምረህ ሥራው። በሬ ከጠፋ፦ በዚያው ቀን ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሽማግሌ ዱካውን አብረው ይከተላሉ፤ ዱካው ወሰን ሲደርስ ለወዲያኛው ወገን በምስክር ፊት ያስረክባሉ። ሰው ከሞተ፦ ቀብር ሳይፈጸም ማን ለማን ይደውላል? ወሬ ከተነዛ፦ በ2 ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ ያለ ሁለተኛ ሰው አይቶ ያረጋግጣል። መዝገቡ ላይ "አየሁ" እና "ሰማሁ" በተለያየ ዓምድ ይሁኑ።

ኔትወርክ ሲጠፋ የስልክ ሰንሰለቱ ዋጋ የለውም። በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ሞተር ሳይክልና 10 ሊትር ቤንዚን ይኑር። የምላሽ ገንዘቡም በተለመደው ግዥ መመሪያ አይያዝ፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ለእርቅ በግ የሚገዛ የለም። ጣሪያ ይወሰንለት፣ ከሁለቱ ወገን በሁለት ፊርማ ይውጣ፣ ሰነዱ በ7 ቀን ይወራረድ። ገንዘቡ ለትራንስፖርት፣ ለምግብና ለድንኳን ይዋል፤ ካሳውን ግን ፕሮጀክቱ እንዳይከፍል። ካሳ የሚከብደው ጎሳው ከኪሱ ሲያዋጣ ነው፤ ለጋሽ ከከፈለው ቀጣዩ ሟች ዋጋው ይወደዳል። እርቁ የወንጀል ክስን እንደማይሰርዝም ሽማግሌዎቹ ፊት ከመጀመሪያው ይነገር፤ በኋላ ፖሊስ ሲይዝ "ተከዳን" ይባላል።

ጉድጓዱን ተወው። አወዛጋቢ መሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ነገ የባለቤትነት ማስረጃ ነው፤ ማን ፈቀደ፣ በየትኛው ወረዳ ደብዳቤ ተቆፈረ ይባላል። ሁለቱም የሚያልፉበት መንገድ ላይ ድልድይ ጠግን፣ ወይም የነበረ የጋራ ገበያ መጠለያ አድስ።

ሶንጎ_ዳር

በሞተረኛ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ፊርማው ላይ ግን አንድ ክፍተት አለ። ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዱ ከተፈናቀለ ገንዘቡ በሚፈለግበት ቀን ይታሰራል። ለእያንዳንዱ ተተኪ ፈራሚ ሒሳቡ ሲከፈት አስመዝግብ፤ ባንኩም በሁለቱም በኩል ቅርንጫፍ ያለው ይሁን።