ለያሪስ በነፃ የሚገኝ የጥገና መመሪያ የምታውቁ ተባበሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ የፒያሳ ልጅ ነኝ። የ2003 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቶዮታ ያሪስ መኪና አለኝ፤ ሞተሩ ባለ 1 ሊትር፣ 1ኤስዜድ-ኤፍኢ ነው።

ጠዋት ሲነሳ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል። ሲሞቅ ይረጋጋል። የቼክ ኢንጂን መብራቱ በርቷል፤ ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ማለትም ለቤንዚኑ አየሩ በዝቶበታል። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! አሁን የጠረጠርኩት ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ነው። እጥፋቱ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ዘልቆ እንደሆነ ለማየት ግን መፈታት አለበት። የአየር መለኪያ ሴንሰሩም ቆሽሾ ሊሆን ይችላል።

የቸገረኝ መመሪያ ነው። ዩቲዩብ ላይ የማገኘው አብዛኛው የ1.3 ሞተር ነው። ፒዲኤፍ አለን የሚሉት ደግሞ መጨረሻ ላይ በዶላር ክፈል ይላሉ። ጋራዥ መውሰድ አያቅተኝም፤ ግን መኪና ነፍሴ ነው፣ ራሴ ፈትቼ መግጠም መማር እፈልጋለሁ።

ሴንሰሩ እንዴት ወጥቶ እንደሚጸዳ በፎቶ የሚያሳይ፣ የብሎን ማጥበቂያ ልክና የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል ያለው መመሪያ በነፃ የት ይገኛል? የዚያን ጊዜው ያሪስ ጃፓን ውስጥ ቪትዝ ይባል ስለነበር፣ ሞተሩ አንድ ከሆነ የቪትዝም ይሆነኛል። በአማርኛ የሚያስረዳ የቴሌግራም ቻናል ካለማ እሰየው! ሶማሌ ተራ ወርጄ ጎማውን ከመግዛቴ በፊት ማረጋገጥ ስለምፈልግ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።