የለንደን የአየር ታክስ ጨመረ ተብሎ እህቴ ለገና ልትቀር ነው፤ እርዱኝ

ጠያቂ፦ የጅሬን ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከጅማ ነው። እህቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ለንደን ትኖራለች። ትልቁ 17፣ ትንሿ 14 ዓመታቸው ነው። እናታችንን ካየቻት ስድስት ዓመት አልፏል። ለገና እንመጣለን ስላለች እማዬ ቡናውን ከአሁኑ ለቅማ፣ ማሩን በጀሪካን ከአልጋ ስር ከታ እየጠበቀች ነው።

ትናንት ማታ እህቴ በቴሌግራም «እንግሊዝ የአየር ታክስ ጨምሯል፣ ለአራት ሰው አልቻልነውም፣ ለከርሞ ይሁን» አለችኝ። ትኬት ቢሮው የሰጣትን ዝርዝርም ላከችልኝ። «ጂቢ 408 ፓውንድ» ይላል። ከሱ ስር «ዩቢ»፣ «ዋይአር» የሚሉ አሉ። ሁሉም «ታክስ» በሚል ርዕስ ስር ነው የተደረደሩት።

ይሄ ሁሉ እውነት የመንግሥት ታክስ ነው? የሚቀነስበት መንገድስ ይኖራል? አንድ ጓደኛዬ በሌላ አገር ዞረው ቢመጡ ይቀልላቸዋል ብሎኛል። ለእማዬ እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም።

መልስ፦ ትኬት ሻጩ

ወንድሜ፣ አሥር ዓመት ትኬት ሸጬ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ 408ቷን እንያት።

«ጂቢ» የእንግሊዝ መንግሥት ከአገሩ በአየር በሚነሳ ተሳፋሪ ላይ የሚጥለው ታክስ ነው። ዋጋው በርቀት ይለያያል። መድረሻው አገር ዋና ከተማ ከለንደን ከ2,001 እስከ 5,500 ማይል ከሆነ፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ በኢኮኖሚ 102 ፓውንድ ነው። ኢትዮጵያ እዚህ ውስጥ ትገባለች። አሁን 408ን ለ102 አካፍል። አራት መጣልህ? የ14 ዓመቷንም አስከፍለዋታል ማለት ነው። በኢኮኖሚ የሚሄድ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ይሄን ታክስ አይከፍልም። ሕጉ እንዲህ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነው።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። ለአየር መንገድ ከ12 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ እንደ አዋቂ ነው የሚቆጠረው። ቢሮው የልደት ቀኗን ሳያስገባ ዋጋ ካወጣ፣ ሲስተሙ አዋቂ ብሎ ያስከፍላታል። እህትህ «የልጄን የልደት ቀን አስገቡና እንደገና ዋጋ አውጡልኝ» ትበላቸው። የሚታየው በሚበሩበት ቀን ያላት ዕድሜ ነው። የትልቁ ግን ምንም አይደረግለትም፣ ይከፍላል።

«ዩቢ» የአየር ማረፊያው የመንገደኛ ክፍያ ነው። «ዋይአር» ወይም «ዋይኪው» የሚለው ግን አየር መንገዱ ራሱ የሚጨምረው ነው። መንግሥት እጁ የለበትም። «ታክስ» ከሚለው ስር ስለሚጽፉት ሰው ሁሉ መንግሥትን ይረግማል። ለዚህ ነው ሁለት አየር መንገድ ስታወዳድር ታክሱን ለብቻው አትይ የምለው። ጠቅላላውን ተመልከት።

ደግሞ ወደ ቢዝነስ እናሳድግላችሁ የሚል ካለ ይጠንቀቁ። እዚያ ታክሱ ለአንድ ሰው 244 ፓውንድ ይሆናል፤ የትንሿም ነፃነት ይቀራል።

መልስ፦ የለንደን እናት

እኔም ሁለት ልጆች ይዤ ነው የምመላለሰው። ታክሱ ባለፈው ዓመት 90 ነበር፣ አሁን 102 ሆነ። በነፍስ ወከፍ 12 ፓውንድ ነው የጨመረው። ትንሿ ስትወጣ ለሦስት ሰው 36 ፓውንድ። ለ36 ፓውንድ ስድስት ዓመት የጠበቀች እናት ትቅር? እህትህን ያስደነገጣት ጠቅላላው እንጂ ጭማሪው አይመስለኝም። ይሄ ታክስ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲጀመር እኮ 5 እና 10 ፓውንድ ነበር! ያኔ የሄደ ሄደ።

ኪስ የሚያራቁተው ቀኑ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን፣ በፈረንጅ ገና ዙሪያ ትኬቱ ሰማይ ይነካል። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ሲውል ደግሞ ልጆቹ ትምህርት የሚጀምሩበት ሰሞን ነው። ፈቃድ ሳይኖር አምስት ቀን ከቀሩ ቅጣት ሊመጣ ይችላል፤ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ለአንድ ወላጅ በአንድ ልጅ 80 ፓውንድ። እናትና አባት ሲሆኑ 160። የ17 ዓመቱን አይመለከትም፣ ትንሿን ነው።

ግን አንድ ነገር ብዙ ሰው አይጠይቅም። የገናው ዕለት የሃይማኖት በዓል ስለሆነ ለዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ይሰጣል። ቀደም ብላ ደብዳቤ ትጻፍ። እኔ በየዓመቱ እጽፋለሁ፣ እንቢ ያለኝ የለም።

መልስ፦ የጅሬን ልጅ (ጠያቂው)

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! የልደት ቀኗን ለእህቴ ጻፍኩላት። ዞሮ መምጣቱስ?

መልስ፦ ዙሪያ ጥምጥም

እሱን እኔ ልመልስ፣ በልቶኛል። በአንድ ትኬት በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል በኩል ቢመጡ የሚቀነስ ነገር የለም። የሚታየው የመጨረሻው መድረሻ ነው፣ 102 ይከፈላል። የሚቀንሰው ሁለት የተለያየ ትኬት ከተገዛ ወይም መሃል ላይ ከ24 ሰዓት በላይ ከተቆየ ነው። ያኔ እስከ 2,000 ማይል ያለው ይታሰባል፣ እሱም 15 ፓውንድ ነው። አየርላንድ ደግሞ የራሷን የአየር ታክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ስላነሳች ብዙ ሰው «በዋና ከተማዋ በደብሊን ዞሮ መምጣት ነው» ይላል።

ለሦስት ሰው 261 ፓውንድ ይተርፋል፣ እውነት ነው። እኔም ይሄን አስልቼ ሄድኩ። የመጀመሪያው በረራ ሁለት ሰዓት ዘገየ፣ ሁለተኛው ጥሎኝ ሄደ። ትኬቱ የተለያየ ስለሆነ ማንም «የኔ ኃላፊነት ነው» አላለም። አዲስ ትኬት፣ አንድ አዳር ሆቴል፣ ሻንጣ እየጎተቱ እንደገና ሰልፍ። ያተረፍኩትን ሦስት እጥፍ አወጣሁ። ከሁለት ልጅና ከስምንት ሻንጣ ጋር? አቦ ይቅርባቸው።

መልስ፦ ስቶክሆልም

በኛ በኩል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረችውን የበረራ ታክስ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሰርዛዋለች። ጀርመን ያሉት ግን በ2024 ተጨምሮባቸው ነበር። ስለዚህ «ታክስ ጨመረ» ሲባል የየት አገር ብሎ መጠየቅ ነው።

መልስ፦ ጋሼ ከፈረንጅ አራዳ

ልጄ፣ እኔ የውጪውን አላውቅም፣ የአዲስ አበባና የጅማን መንገድ ግን አውቃለሁ። በአውሮፕላን ሰዓት አይሞላም፤ በመኪና በወልቂጤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ልጆቹ ፎቶ ያነሳሉ።

በአውሮፕላን ካሉ ግን የጅማውን ከለንደኑ ጋር በአንድ ትኬት ይቁረጡት። የእንግሊዙ ታክስ አይጨምርም፣ መድረሻው ያው ኢትዮጵያ ነው። ለብቻው ከገዙት የአገር ውስጡ የሻንጣ ኪሎ ያንሳል፣ ትርፉን ሚዛን ላይ ይከፍላሉ። የኔ ልጅ አምና አጎቶቿ ያዘዟትን ጃኬት ሁሉ ቦሌ ላይ ከሻንጣ እያወጣች ደራርባ ለብሳ መጣች። ጅማ ስትወርድ ድብ መስላ ነበር።

መልስ፦ ትኬት ሻጩ

ጋሼ ትክክል ናቸው። አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ከከፈሉ በኋላ ጉዞው ከቀረ፣ ያልበረረ ሰው ይሄን የእንግሊዝ ታክስ መልሱልኝ ማለት ይችላል። ትኬቱ የማይመለስ ቢሆንም። አንዳንዱ አየር መንገድ የማስተናገጃ ብሎ ትንሽ ይቆርጣል እንጂ ይመልሳል።

መልስ፦ የጅሬን ልጅ (ጠያቂው)

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ቢሮው መጀመሪያ «ሲስተሙ ያወጣው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እህቴ የልደት ቀኗን አስገቡና አሳዩኝ ብላ ቆመች። ጂቢ 306 ሆነ። መነሻቸውንም በሦስት ቀን ገፋ ሲያደርጉት ዋጋው ከታክሱ በላይ ወረደ። ትናንት ቆርጠዋል፣ እስከ ጅማ አይደለም፣ እስከ አዲስ አበባ። የትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ተጽፏል።

ለእማዬ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። ስለ ታክሱ ሳስረዳት አዳመጠችኝና «ለመሆኑ ትንሿ ቡና ትጠጣለች?» አለች።

አሁን የቀረኝ መኪና ነው። ከቦሌ ጅማ ለአራት ሰውና ለስምንት ሻንጣ የሚሆን፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሹፌር የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።