ልጄ ምሳዋን ሳትጨርስ ነው የምትመለሰው፣ የምሳ ሰዓት ማስረዘም ይቻላል?

እናት_ቨርጂንያ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ምሳቃዋ በየቀኑ ግማሹ ሳይነካ ነው የሚመለሰው። መጀመሪያ ፍርፍር ሰልችቷት መስሎኝ ፓስታ አደረግኩላት ከዛ ሩዝ፣ ያው ነው። በኋላ ስጠይቃት ማሚ ሰዓቱ አልቆብኝ ነው አለችኝ። የምሳ ሰዓታቸው 25 ደቂቃ ነው ግን ተሰልፎ መውጣቱም፣ እጅ መታጠቡም፣ ቦታ መፈለጉም ከዛው ላይ ነው የሚሄደው። ቤት ስትደርስ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ዳቦ ትጠይቀኛለች፣ አንጀቴን ነው የምትበላኝ። እባካችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቆ ያስጨመረ አለ?

ካፍቴሪያ_ሜሪላንድ፦
እህቴ እኔ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ነው የምሰራው። ያንቺ እንኳን ምሳቃ ይዛ ነው የምትሄደው፣ ከኛ የሚበሉት ትሪ ይዘው ተሰልፈው ፒን ቁጥራቸውን አስገብተው እስኪያልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ልጅ ሲቀመጥ 10 ደቂቃ ቢቀረው ነው። አፕሉን አንዴ ገምጦ ይጥለዋል፣ ወተቱ ሳይከፈት ይደፋል፣ ልጁ ግን እንደራበው ነው የሚወጣው። ይሄን በየቀኑ ማየት ያማል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የፔርሙዙን ክዳን ራሷ ትከፍተዋለች? እጃቸውን አውጥተው የሚከፍትላቸው ሲጠብቁ 5 ደቂቃ የሚያልፍባቸው ብዙ ናቸው።

አባ_ሲያትል፦
ብቻሽን አትሂጂ፣ ሌሎች ወላጆችም ይዘሽ በፒቲኤ (የወላጆችና መምህራን ማህበር) በኩል ግቢ። ሲዲሲ (የአሜሪካ የጤና መስሪያ ቤት) ልጅ ከተቀመጠ በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያግኝ ነው የሚለው፣ "ከተቀመጠ በኋላ" የምትለዋን ያዢ ምክንያቱም እነሱ የሚቆጥሩት ከደወሉ ጀምሮ ነው። የፌዴራሉ ህግ ምሳ በኛ አቆጣጠር ከ4 እስከ 8 ሰዓት መሀል ይቅረብ ይላል እንጂ ስንት ደቂቃ እንደሚበሉ አያስገድድም። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ የሀርቫርድ ጥናት አለ፣ ከ20 ደቂቃ በታች ያገኙ ልጆች 25 እና ከዛ በላይ ካገኙት ይልቅ ዋናውን ምግብ 13 በመቶ፣ አትክልቱን 12 በመቶ፣ ወተቱን 10 በመቶ ቀንሰው ነው የበሉት። ፕሪንት አድርገሽ ውሰጂላቸው። እዚህ ሲያትል በዛው ዓመት መምህራን ስራ ሲያቆሙ ለኤለመንተሪ ልጆች 30 ደቂቃ ረፍት አስገብተዋል፣ ስለዚህ ሲጠየቅ ይገኛል። የጤና ችግር ያለበት ልጅ ደግሞ በ504 ፕላን (የጤና ችግር ወይም አካል ጉዳት ላለበት ተማሪ ትምህርት ቤቱ በሚያወጣው የድጋፍ እቅድ) ተጨማሪ ደቂቃ ሊፈቀድለት ይችላል።

መምህር_አዲስ፦
እኔ አዲስ አበባ የመንግስት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ቁርስም ምሳም አለ፣ ድሮ ጠዋት ሰልፍ ላይ አዙሮት የሚወድቅ ልጅ ነበረን፣ ተመስገን ነው። ግን አዳራሹ ስለማይበቃ በተራ ነው የሚገቡት፣ የመጨረሻዎቹ ደወል ሲደወል ገና እያኘኩ ነው። መጋቢ እናቶቹ ቀስ ብላችሁ ብሉ ይሏቸዋል፣ እኛ ደግሞ ግቡ እንላለን። እኔ አሁን ከሰዓት የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ትቼላቸዋለሁ፣ ጎርሶ እየሮጠ የመጣ ልጅ የማስተምረውን አይሰማኝም።

እናት_ቨርጂንያ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት እናቶች አብረውኝ ሊገቡ ተስማምተዋል። ካፍቴሪያ፣ ዛሬ ማታ ፔርሙዙን ሰጥቼ አስሞከርኳት፣ እውነትሽን ነው፣ መክፈት አልቻለችም።