አክሰን መንገዱን እንዴት ያውቃል? ሐሙስ ሴሚናር አለብኝ እርዱኝ

ሶስተኛ_ዓመት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሜዲካል ተማሪ ነኝ፣ የሴሚናሬ ርዕስ በፅንስ ጊዜ አክሰን (ከነርቭ ሴል የሚወጣው ረጅም ክር) ቦታውን እንዴት እንደሚያገኝና የተረፈው እንዴት እንደሚከረከም ነው። ሶስት ቀን ሙሉ አነበብኩ ግን አንድ ቦታ ተያዝኩ፣ ኔትሪን የሚባለው ፕሮቲን አክሰን ይስባል ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኔትሪን ይገፋል ይላል፣ የቱን ልያዝ? ሌላው ደግሞ ክርከማ ሲባል ሴሉ ይሞታል ማለት ነው ወይ? ቀለል አድርጎ የሚያስረዳኝ ካለ እባካችሁ።

ቤተ_ሙከራ፦
እህቴ ሁለቱም ልክ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፣ የሚለየው የሚሰማው ጆሮ ነው። አክሰኑ ጫፍ ላይ ግሮውዝ ኮን አለ፣ ካሃል በ1890 የጫጩት ፅንስ ላይ ያየው፣ የተዘረጋ እጅ ይመስላል፣ ጣቶቹ ፊሎፖዲያ ይባላሉ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ እየዳበስሽ በሩን እንደምትፈልጊው ነው የሚሄደው። እዛ እጅ ላይ ዲሲሲ የሚባለው ሪሴፕተር (ምልክት ተቀባይ፣ ጆሮው ማለት ነው) ብቻ ካለ ኔትሪን ይስበዋል፣ አንክ5 የሚባለው ሌላ ሪሴፕተር ሲጨመርበት ግን ያው ኔትሪን ይገፋዋል። ሲሳብ በዛ በኩል ያለው አክቲን (የሴሉን ቅርፅ የሚይዘው ፕሮቲን) ይገነባል ሲገፋ ይፈርሳል፣ እጁም አክቲኑ ወደሚገነባበት ይዞራል፣ በቃ መሪውን የሚያዞረው ይሄ ነው። ለመግቢያ የሚሆንሽ ደግሞ፣ ኔትሪን የወጣው በ1994 በማርክ ቴሲየር-ላቪን ላብ ነው፣ ወደ 25,000 የሚሆን የጫጩት ፅንስ አንጎል ፈጭተው አጣርተው ነው ያገኙት፣ ስሙን ከሳንስክሪት ወሰዱት፣ መሪ እንደማለት ነው።

የነርቭ_ነገር፦
ቤተ_ሙከራ ያለው ላይ ስሊት የሚባለውን ምልክትና ሮቦ የሚባሉትን ሪሴፕተሮች ጨምሪ፣ ያለነሱ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ኮሚሹራል አክሰን፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገረው፣ ከህብለ ሰረሰሩ ጀርባ በኩል ተነስቶ ወደ ሆድ በኩል ወደ መሀል መስመሩ ይወርዳል፣ ኔትሪን ስቦት፣ ታዲያ ከደረሰ በኋላ ለምን እዛው አይቀርም? መሀሉ ላይ የሚገፋ ስሊትም አለ። ከመሻገሩ በፊት ሮቦ3 ስሊትን እንዳይሰማ ያደርገዋል፣ ከተሻገረ በኋላ ሮቦ1 ይበዛና ስሊትን ሲሰማ ይሸሻል፣ ተመልሶም አይመጣም። ሮቦ የጎደላት ዝንብ ላይ አክሰኑ መሀሉን እየዞረ ሲመላለስ አይተው ነው ስሙን ራውንድአባውት ያሉት፣ አደባባይ። ክሊኒካል ነገር ከጠየቁሽ ደግሞ ሮቦ3 የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ፣ በ2004 ነው የታወቀው፣ ዓይናቸውን ወደ ጎን ማንቀሳቀስ አይችሉም አከርካሪያቸውም እያደር ይጎብጣል፣ መሻገር የነበረበት ነርቭ ሳይሻገር ቀርቶ የግራ አንጎል የግራውን እጅ ያዛል።

ሶስተኛ_ዓመት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጆሮ ያላችሁት ነገር በጣም ገባኝ። ክርከማውስ?

አዲስ_ነርስ፦
እኔ እንደተማርኩት ያልተጠቀምንበት ኒውሮን (ነርቭ ሴል) ይሞታል፣ ክርከማ እሱ ይመስለኛል።

የሊሙ_ልጅ፦
ይቅርታ ወንድሜ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሴል መሞቱም አለ፣ ኤንጂኤፍን (የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን) የመሰለ የሚያቆየው ነገር ያላገኘ ኒውሮን ይሞታል፣ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ኮኸን በ1986 ኖቤል የተሸለሙበት። ክርከማ ግን ሴሉ ቆሞ ቅርንጫፉ ብቻ ነው የሚነሳው። እኛ ቤት ቡና አለ፣ አባቴ ያረጀ ቡና ሲጎነድል ጉቶው ከሁሉም አቅጣጫ ቀንበጥ ያወጣል፣ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ያይና ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሶስቱን ትቶ ሌላውን በእጁ ይገነጥላል፣ ጉቶውን አይነካውም። አንጎልም መጀመሪያ አብዝቶ ነው የሚያወጣው። የአይጥ ቪዥዋል ኮርቴክስ (የአንጎል የማየት ክፍል) ላየር 5 ላይ ያለ ኒውሮን በልጅነቱ እስከ ህብለ ሰረሰር ድረስ ቅርንጫፍ ይልካል፣ ሲያድግ ያቺ ትነሳለች፣ ወደ ሱፐሪየር ኮሊኩለስ (አንጎል ውስጥ ያለ የእይታ ጣቢያ) የሄደችው ትቀራለች። ቁጥር ከፈለግሽ ላማንቲያና ራኪች በ1990 ሪሰስ ጦጣ ላይ ቆጥረው ግራና ቀኝ አንጎልን በሚያገናኘው ኮርፐስ ካሎሰም ውስጥ ስትወለድ ወደ 188 ሚሊዮን አክሰን አገኙ፣ ስትጎለምስ 56 ሚሊዮን። ይሄን ስላይድ ላይ ብቻውን በትልቁ ፃፊው።

ሂፖካምፐስ (የትዝታው የአንጎል ክፍል) ውስጥ አንዳንዱን ቅርንጫፍ ተመለስ የሚለው ሴማፎሪን 3ኤፍ የሚባል የሚገፋ ምልክት ነው፣ ማለትም መንገድ የሚመራው ቤተሰብ ራሱ ክርከማም ላይ ይሰራል። ሲናፕስ (ሁለት ነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት) ላይ ሲሆን ደግሞ ሲ1ኪው እና ሲ3 የሚባሉት የኮምፕልመንት (የሰውነት መከላከያ) ፕሮቲኖች ምልክት ያደርጉበታል፣ የአንጎል መከላከያ ሴል የሆነው ማይክሮግሊያ ይበላዋል።

አዲስ_ነርስ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ እኔም ተማርኩበት።

ሶስተኛ_ዓመት፦
የቡናውን ጉቶ ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ። አንድ የመጨረሻ፣ ካስፔዝ የሚባለው ሴል የሚገድል ኢንዛይም ክርከማ ላይ ይሰራል የሚል አነበብኩ፣ ካስፔዝ ከነቃ ሴሉ መሞት አልነበረበትም?

ቤተ_ሙከራ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አስተማሪሽም ይሄን ሊጠይቅሽ ይችላል። የሚነቃው እዛው የሚነሳው ቅርንጫፍ ውስጥ ብቻ ነው፣ የሴሉ አካል ውስጥ ኤክስአይኤፒ አይነት የሚያግዱት ፕሮቲኖች አሉ እንዳይዛመት ይይዙታል። ስታቀርቢ ካስፔዝ ብለሽ እንዳታልፊ፣ እዛው ቅርንጫፉ ላይ በይ።